በሁለት ጠብታዎች መካከል የተደወለ ስልክ

እትዬ ጠብታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ኩላሊት ስትመግብ የኖረች ሴት ናት። ሙሉ ኩላሊት እንዳይመስላችሁ፤ ሙሉውን ባለቤቱ ይመግበው። እሷ የምትመግበው ከኩላሊት ተወስደው በፕላስቲክ ሳህን ላይ የሚባዙ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ሴሎችን ነው። ሴሎቹ የሚኖሩት የሰው ገላ ያህል በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይቀየርላቸዋል። እሑድ አያውቁ፣ በዓል አያውቁ። አንድ ጊዜ የጎረቤቷ ልጅ ስትዳር ከሠርጉ መሃል ብድግ ብላ ሄዳ መግባቸዋለች፤ ስትመለስ ኬኩ አልቆ ነበር። ይህንንም እስከ ዛሬ ሳህኑን ባወጣች ቁጥር ለሴሎቹ ታስታውሳቸዋለች።

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። «ጠብታ» የተባለችው በእጇ ምክንያት ነው። ፒፔት የሚባለውን ቀጭን መምጠጫ ስትይዝ እጇ ንቅንቅ አይልም፤ ሳህኑ ላይ ባሉት ዘጠና ስድስት ትንንሽ ጉድጓዶች ሁሉ እኩል ጠብታ ትጥላለች፤ ያውም ስለ ጎረቤቷ ውሻ እያማረረች። አዲስ የመጡ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይንቋታል፣ በሁለተኛው ይለምኗታል፣ በሦስተኛው ወር «እትዬ» ይሏታል። እሷም ቅደም ተከተሉን ስለለመደችው የመጀመሪያውን ሳምንት ንቀት እንደ ጉንፋን ችላ ታሳልፈዋለች።

ከእጇ ቀጥሎ የምትኮራው በመዝገቧ ነው። የላቦራቶሪው ሕግ እያንዳንዱ ሥራ በተሠራበት ደቂቃ እንዲመዘገብ ያዛል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን በሕይወታቸው ጓንት አጥልቀው የሚያውቁ አይመስሉም። ጓንት ያጠለቀ እጅ እስክሪብቶ ከነካ ንጹሕ አይደለም፣ መቀየር አለበት፤ ደግሞ ለመጻፍ፣ ደግሞ መቀየር። እንዲህ ሲባል ይመሻል። ስለዚህ እትዬ ጠብታ የራሷን ዘዴ አበጀች። ጠዋት ትገባለች፣ ጓንት ሳታጠልቅ ቁጭ ትላለች፣ የቀኑን ሥራ በሙሉ እንዳለቀ አድርጋ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ትጽፋለች፣ ትፈርማለች። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ የጻፈችውን ልትሠራ ትነሳለች። በሃያ ሁለት ዓመት መዝገቧ ውስጥ አንድ ስርዝ ድልዝ አይገኝም። ገና ባልተሠራ ሥራ ላይ ምን ስርዝ ይኖራል?

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ለዶክትሬቷ የምታጠናው ልጅ የመጣች ጊዜ ነው። ልጅቷ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትፈራ ጥፍሯን የምትበላ፣ ስትደሰትም የምትበላ ነበረች። ጥናቷ ኩላሊት ሲቆጣ ሴሎቹ እርስ በርስ ስለሚላላኩት መልእክት ነው። መልእክተኞቹ ሳይቶካይን ይባላሉ። አንድ ሴል ሲጎዳ ይለቃቸዋል፤ ጎረቤቱ ሴል ቆዳው ላይ ባሉት መቀበያዎች ይይዛቸውና እሱም በተራው ይቆጣል፣ የራሱን መልእክት ይለቃል፤ እንዲያ እያለ ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል።

«ወሬ ነው በይኛ» አለች እትዬ ጠብታ፣ ነገሩ ሲብራራላት።

«ወሬ ነው፣ እትዬ።»

«ኩላሊት ውስጥም?»

«ብዙ ጊዜ ኩላሊቱን የሚጎዳው ከመጀመሪያው ጉዳት ይልቅ ከሱ በኋላ የሚነሳው ወሬ ነው» አለች ልጅቷ።

እትዬ ጠብታ በዚህ ጊዜ የምትኖርበትን ሕንፃ አስባ ራሷን ነቀነቀች። ሳይንስ እንዲህ ገብቷት አያውቅም።

ልጅቷ ከብዙዎቹ መልእክተኞች ሁለቱን መርጣለች። ረጃጅም ስም አላቸው፤ እትዬ ጠብታ ግን በብልቃጣቸው ክዳን ቀዩና ሰማያዊው አለቻቸው፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ሰው ሁሉ እንደሷ አለ። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ አንዱን ያግዛል፣ ያደናቅፋል፣ ወይስ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ሠርቶ ይሄዳል? ሴሎቹ ምን ያህል እንደተቆጡ ማሽን ያነብና ቁጥር ይሰጣል። ቀዩ ብቻውን ሠላሳ ያመጣል። ሰማያዊው ብቻውን አርባ። አንድ ላይ ሲገቡ ሰባ ከመጣ፣ ያው ድምር ነው፤ በድምር ደግሞ ዶክትሬት አይገኝም።

ልጅቷ በዚያ ጊዜ ኮርስ ላይ ስለነበረች ጠብታውን ማክሰኞና ሐሙስ የምትጥለው እትዬ ጠብታ ሆነች። በመጀመሪያው ማክሰኞ ማሽኑ ሁለት መቶ ሰማንያ አለ። ልጅቷ ቁጥሩን አይታ ማሽኑን አጥፍታ አበራችው። አሁንም ሁለት መቶ ሰማንያ። በሦስት ወር ውስጥ ሃያ አራት ጊዜ ተሠራ፤ አንዳንዴ ዝቅ፣ አንዳንዴ ከፍ ይላል እንጂ ከአንድ ማክሰኞ በቀር ከሰባ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ፕሮፌሰር አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ውጤቱን ይዘው ጉባኤ ላይ ቀረቡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ሲመለሱ በኮሪደሩ እያፏጩ ሄዱ። ፕሮፌሰሩ ሲያፏጩ የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ከሰማም በኋላ ድጋሚ መስማት አልፈለገም።

እዚህ ላይ ስለ ወንድሟ ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ እሱ ሳይኖርበት የሚያልፍ ነገር የለምና። የእትዬ ጠብታ ታላቅ ወንድም ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከእሷ ቤት ሁለት ፌርማታ ርቆ ብቻውን ይኖራል። ኩላሊቱ ደክሟል። ሐኪሙ ጨው ከለከለው፣ የደም ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ለኩላሊቱ ፋታ የሚሰጥ ነጭ ኪኒንም በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ እንዲውጥ አዘዘለት። ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደወል ሲደወልለት ብቻ የቆመ ሰው ስለሆነ ካልተደወለለት ኪኒኑን አይውጥም። ስለዚህ እህቱ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች።

የሁለቱ ስልክ ሲጀመር «ዋጥክ?» ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ እግዜር ነው የሚያውቀው። ጋሼ አፉን ከከፈተ መንገዱን ሳይጨርስ አይቆምም። ዶሮ ይዞ ስለተሳፈረው ጠበቃ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ስለተወለደው ሕፃን፣ ባልና ሚስት ተጣልተው በአንድ አውቶቡስ ውስጥ በስልክ ስለታረቁት፣ ሁሉንም ከአፍ እስከ ገደፉ ይተርካል። እህቱ «እሺ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች፤ እሱ «ሥራሽን ማን ከለከለሽ» ብሎ ይቀጥላል።

ታዲያ ሥራው? ሥራውማ እንዲህ ነበር። ቀዩ ብልቃጥ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ወዲያው ይቀልጣል። ሰማያዊው ግን ከጥልቁ በረዶ ነው የሚወጣው፣ በግድ በዝግታ መቅለጥ አለበት፤ ካጣደፉት ይበላሻል። እትዬ ጠብታ አራት ሰዓት ላይ ቀዩን ትጥላለች፣ ሳህኑን ወደ ሞቃቱ ሳጥን ትመልሳለች፣ ሰማያዊው እስኪቀልጥ ጓንቷን አውልቃ ወደ ደረጃው ትወጣለች፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፣ እሷ ደግሞ ሕግ ታከብራለች። ትደውላለች። ጋሼ መንገዱን ሲጨርስ ተመልሳ ሰማያዊውን ትጥላለች። መዝገቡ ላይ «አራት ሰዓት፤ ቀይና ሰማያዊ አንድ ላይ ተጨመሩ» የሚለው ጠዋት ተጽፎ ተፈርሞበታል። በእሷ አስተያየት አንድ ላይ ነው። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ሳህን፣ በዚያው እጅ ከዚህ በላይ አንድ ላይ ምን አለ?

ችግሩ የመጣው ከሌላ ከተማ ነው። እዚያ ያለ ላቦራቶሪ ጥናቱን እንዳለ ደግሞ ሠራውና ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው በጣም ትሑት ነበር፤ ተመራማሪዎች እንዲህ ትሑት የሚሆኑት ሲናከሱ ነው። ያገኙት ሰባ ነው። አምስት ጊዜ ሠሩ፣ አምስት ጊዜ ሰባ። ልጅቷ ኮርሷን ጨርሳ ስለነበር ራሷ ቁጭ ብላ ሠራች። ሰባ። እጇ መስሏት ሌላ ተማሪ አሠራች። ሰባ። እትዬ ጠብታ ያኔ የሌላ ጥናት ሴሎች እንድትመግብ ወደ ታችኛው ፎቅ ተዛውራ ስለነበር ይህን ሁሉ አልሰማችም።

ፕሮፌሰሩ ማፏጨቱን አቆሙ። መዝገቡን አስመጡና ገጽ በገጽ አዩት። ባዩት ቁጥር ፊታቸው ጠቆረ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ የቀለም ጠብታ የለ፣ አንድ የተሰረዘ ቁጥር የለ፣ አንድ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ» የለ። የሥራ መዝገብ እንደዚህ አያምርም፤ እንዲህ የሚያምረው አንድ ቀን ቁጭ ተብሎ የተፈበረከ መዝገብ ነው። ልጅቷ ውጤቱን ፈጥራ፣ የዋሂቱን ቴክኒሽያን አስጽፋ አስፈርማለች ብለው ጠረጠሩ። ዓርብ ዕለት በአጣሪ ፊት እንድትቀርብ ተባለ። ማስረዳት ካልቻለች ጥናቷ ይሰረዛል፣ ከትምህርቱም ትባረራለች፤ ቁጥር ፈጥራለች የተባለን ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ የሚቀበለው የለም።

እትዬ ጠብታ ነገሩን የሰማችው ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ ጓንት ልትወስድ ወደ ዕቃ ክፍሉ ስትገባ ልጅቷን ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት።

«ማን ሞተ?» አለች፤ ደንግጣ።

ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ደብዳቤውን፣ ሰባውን፣ ዓርብን። የመዝገቡን ማማር ስትነግራት ድምጿን ዝቅ አደረገች። እትዬ ጠብታ ግን ሰማች። ሃያ ሁለት ዓመት የኮራችበት እጅ ጽሑፍ ልጅ አሳሪ ሆኖ ተገኘ።

«ነይ ተነሽ» አለቻት። «እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪኝ። የሆነ ቦታ እጅሽ እየሳተ ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ሄደች። ከአንድ ሰዓት በፊት አውጥታ ያቀለጠቻቸውን ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቀዩን ጣለች። ሰማያዊውን ጣለች። ሃያ ሴኮንድ አልፈጀባትም። እጇ እንከን የሚወጣለት አልነበረም።

እትዬ ጠብታ ጠበቀች። ልጅቷ ሳህኑን ልትከድን ስትል «መቼ ነው ታዲያ የምትወጪው?» ብላ ጠየቀች።

«ወዴት ነው የምወጣው?»

እትዬ ጠብታ ወደ ደረጃው በር አየች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ጥሩ ነው የሠራሽው» አለች። «በጣም ጥሩ ነው። እስቲ ውሃ አምጪልኝ።»

ገብቷታል። ልጅቷ መዝገቡ እንደሚለው ነው የሠራችው፤ የዚያኛው ከተማ ሰዎችም እንዲሁ። መዝገቡ እንደሚለው ሠርታ የማታውቀው እትዬ ጠብታ ብቻ ናት። በቀዩና በሰማያዊው መካከል ደረጃው አለ፣ ስልኩ አለ፣ ጋሼ ከነአውቶቡሱ አለ።

እዚያው ለልጅቷ መንገር ትችል ነበር። አልነገረቻትም። እኔ አልፈርድባትም። ጡረታ ሊወጡ አሥራ አራት ወር ሲቀር ሐሰተኛ መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ ብሎ መናገር ማለት ከሥራ ወጥቶ ቤት መግባት ማለት ነው፤ ያውም ሳይሸኙ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ፌርማታው ላይ ቆማ ለወንድሟ ደወለች፤ ሰዓቱ ያልተለመደ ስለሆነ «ማን ሞተ?» ብሎ ነው ያነሳው።

ነገረችው። አንዴም ሳያቋርጣት ሰማ፤ ይህ ራሱ ያስፈራል።

«እህት ዓለም» አለ በመጨረሻ፤ «ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ሹፌር ዝም ይላል። ተሳፋሪው መንገዱን ይሰድባል፣ ያልፋል።»

«እዚህ መንገዱ ልጅቷ ናት፣ ጋሼ።»

«እንዴ፣ እኔ ምን አደረግኩ? ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እሺ። ለመሆኑ ዛሬ ዋጥክ?»

«ዋጥኩ፣ ዋጥኩ» አለና ወዲያው አንድ ጊዜ ፍሬን ስለያዘች ሴት ጀመረ። እትዬ ጠብታ አውቶቡሷ መጣና ዘጋችው።

ዓርብ ጠዋት ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሩ አሉ። ከውጭ የተጋበዙ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ኩኪስ የሚወዱ አጣሪ አሉ። ማስታወሻ የምትይዝ የአስተዳደር ሠራተኛ አለች። ልጅቷ ጥግ ላይ ናት፤ የምትበላው ጥፍር አልቆባት ጣቶቿን አቆላልፋለች። እትዬ ጠብታ የተጠራችው መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የሷ መሆኑን አረጋግጣ እንድትወጣ ነበር። አረጋገጠች። አልወጣችም።

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ በሩን በዓይናቸው እያሳዩዋት።

«እኔ አንድ ላይ ጨምሬ አላውቅም» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ቀዩንና ሰማያዊውን። መዝገቡ አንድ ላይ ይላል፤ ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም የምታውቀው ነገር የለም። ቀዩን እጥልና እወጣለሁ፣ ስመለስ ነው ሰማያዊውን የምጥለው። ጠዋት ነው የምጽፈው፣ ሁሉንም፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዚያ ነው ጓንት የማጠልቀው።» ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ከዚያ የቀረውን በሙሉ በአንዴ ተነፈሰችው፤ «ቅጣቱ የኔ ነው፣ አልጨቃጨቅም፣ እሷን ግን ልቀቋት።»

የአስተዳደሯ ሠራተኛ እስክሪብቶ ቆመ። ፕሮፌሰሩ ቀልባቸው ተገፎ ወደ ጣሪያው አዩ። አጣሪው ኩኪሱን አስቀመጡ።

«ወዴት ነው የሚወጡት?» አሉ አጣሪው።

«ደረጃው ላይ።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ወንድሜን በስልክ ኪኒን አስውጠዋለሁ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«እሱ እንዳወራው ነው፣ ጌታዬ። መለኪያ የለውም።»

አጣሪው ቀስ ብለው ተነሱ። ሌባ ሊይዙ መጥተው የጠፋ ዘመድ ያገኙ መሰሉ። «ስልክዎ» አሉ፣ «የተወራበትን ደቂቃ ይይዛል አይደል?»

ስልኳ ይይዛል። እትዬ ጠብታ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ የአስተዳደሯ ሠራተኛም እሷም የማያውቁትን የስልኩን ሆድ አጣሪው በርብረው አወጡት። ሁሉም እዚያ አለ፤ ከነቀኑ፣ ከነደቂቃው። ልጅቷ ሳትጠራ ተነስታ ነጩ ሰሌዳ ላይ መስመር አሰመረች፤ ታች ደቂቃ፣ ጎን የማሽኑ ቁጥር።

«የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ አርባ ደቂቃ» አሉ አጣሪው።

«ሁለት መቶ ሰማንያ» አለች ልጅቷ፤ ነጥብ አደረገች።

«ሐሙስ፣ ሃያ ስድስት።»

«መቶ ስድሳ።»

«የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ። ምን ሆኖ ነው?»

«በጨው ተጣልተን ጆሮዬ ላይ ዘጋው» አለች እትዬ ጠብታ።

«ሰባ አምስት!» አለች ልጅቷ። በዚያ ክፍል ውስጥ የጮኸ ሰው ቢኖር እሷ ናት።

ነጥቦቹ እየበዙ ሄዱ። ጋሼ ብዙ ባወራ ቁጥር ሴሎቹ አብዝተው ተቆጥተዋል። ሃምሳ አንድ ደቂቃ ባወራ ቀን ሦስት መቶ አሥር። አንድ ሰዓት ከሩብ ባወራበት ቀን ደግሞ መቶ አርባ፤ እንግዲህ ከዚያ በኋላ ሴል ራሱ ይሰለቻል ማለት ነው። ፕሮፌሰሩም ሳይታወቃቸው ሰሌዳው ጋ ደርሰው ቆመው ነበር። ቀዩ መጀመሪያ ሲገባ፣ አሉ፣ ሴሎቹ መቀበያዎቻቸውን ከውስጥ ወደ ቆዳቸው ያወጡ ይሆናል፤ ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሰማያዊው ኋላ ሲመጣ ብዙ በር ተከፍቶ ይጠብቀዋል። እኩል ከመጡ ግን ማንም በር አልከፈተም። ይህንን ሁሉ ለራሳቸው ነበር የሚናገሩት።

«የአንድ ሰዓት ከሩቡ ቀን ስለ ምን ነበር ያወሩት?» አሉ አጣሪው።

«ለጥናቱ ያስፈልጋል?» አለች የአስተዳደሯ ሠራተኛ፣ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«አያስፈልግም። ለማወቅ ያህል ነው።»

በሳምንቱ ደግመው ሠሩት፤ በዚህ ጊዜ በሰዓት ቆጣሪ። ቀይ፣ አርባ ደቂቃ፣ ሰማያዊ። ሁለት መቶ ሰባ ስድስት። ወደ ሌላኛውም ከተማ ተጻፈ፣ እዚያም ሠራ፤ የመለሱት ደብዳቤ በዚህኛው ጊዜ ትሑት አልነበረም፣ ደስ የሚል ነበር። ልጅቷ ነፃ ሆነች። እትዬ ጠብታ ዓርቡ በሌላ ዓርብ ሲተካ አንድ ፖስታ ተሰጣት፤ ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበረው። አንደኛው በሐሰት መዝገብ ምክንያት የተጻፈ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ለጥናቱ ስላደረገችው የላቀ አስተዋጽኦ የተጻፈ ምስጋና ነው። ሁለቱንም የፈረሙት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ።

ቅዳሜ እንደ ልማዷ ወንድሟ ቤት ሄደችና ሁለቱንም አነበበችለት። ጋሼ ማስጠንቀቂያው ሲነበብ አቀረቀረ፣ ምስጋናው ሲነበብ ቀና አለ።

«እንግዲህ የኔ ወሬ ነው ለካ» አለ።

«የአንተ ወሬ ነው። ሰሌዳ ላይ ተሥሏል።»

«ስሜን ጻፉት?»

«የወንድሟ ስልክ ተብለሃል።»

«እሱም አይከፋም» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ዶሮም ጠበቃም አላነሳም። ወረቀቶቹን ተቀብሏት፣ ማስጠንቀቂያውን ከላይ አድርጎ፣ ለረጅም ጊዜ አየው። «ሳትጠየቂ ነው የተናገርሽው?» አለ።

«ሳልጠየቅ።»

«ሊያባርሩሽ እንደሚችሉ እያወቅሽ?»

«ልጅቷን ሳይ ምን ላድርግ? እንቅልፍ እንቢ አለኝ።»

ጋሼ ተነሳ። ከቁም ሣጥኑ ላይ ድሮ የአውቶቡስ ትኬት ይይዝበት የነበረውን ቆርቆሮ አወረደና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ተቀምጦም ወደ መስኮቱ ዞረ። እትዬ ጠብታ ክዳኑን ስትከፍተው ቆርቆሮው በነጭ ኪኒን ተሞልቷል።

«ያዞረኛል» አለ፣ ሳያያት። «ከዋጥኩት ቀኑን ሙሉ ቤቱ ይዞርብኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጪ ፊትሽ እውጣለሁ። በሌላው ቀን ስትደውዪ ዋጥኩ እላለሁ፣ ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ ወሬ እጀምራለሁ። ብዙ ካወራሁ ትረሺዋለሽ። ለዚያ ነው የማወራው። መጣሉ ደግሞ ግፍ መሰለኝ።»

እትዬ ጠብታ ኪኒኖቹን አልቆጠረችም፤ ማየት ብቻ በቃት፤ ያ እጅ ከመቶ ሃምሳ እንደሚበልጡ በግምት ያውቃል። ስድስት ወር። ሴሎች ሲቆጡ ምን እንደሚመስሉ በማይክሮስኮፕ ሺህ ጊዜ አይታለች፤ እንዴት እንደሚያብጡ፣ እንዴት አንድ በአንድ ከሳህኑ እየተላቀቁ እንደሚንሳፈፉ። አሁን የምታየው ያንን ነበር፤ ሳህኑ ግን ወንድሟ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ደረጃ ላይ ቆማ ስትስቅለት የነበረው ወሬ፣ ሳይንስ ያጨበጨበለት ወሬ፣ ይህንን መሸፈኛ ነበር። ተናደደች። ከንዴቷ ይልቅ ፈራች። እንባዋም መጣ፣ አልከለከለችውም።

«አንተ» አለች፤ ጋሼ ማለት ተረሳት። «እኔ የማንም ያልሆነ ኩላሊት ሠርግ ጥዬ እመግባለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«አውቃለሁ አትበለኝ። ያዞረኛል ብትል ሐኪሙ ይቀይርልህ ነበር።»

«አንቺም ስልክ እደውላለሁ ብትያቸው ሰዓት ይሰጡሽ ነበር» አለ ጋሼ፣ ቀስ ብሎ።

እትዬ ጠብታ ዓይኗን ጠረገች፣ ከቆርቆሮው ሳይሆን ከአዲሱ ማሸጊያ አንድ ኪኒን አወጣች፣ ውሃ ቀድታ እጁ ላይ አደረገችለት። ወደ አፉ ሲወስደው፣ ሲውጠው፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየች። ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አብረው እንደሚሄዱ፣ ማዞሩንም ቆርቆሮውንም ራሱ በአፉ እንደሚናገር ነገረችው። እሺ አለ።

ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«ከእንግዲህ አትደውዪልኝማ» አለ። «የማወራበት ምክንያት አለቀ።»

«ነገ በአራት ሰዓት እደውላለሁ።»

«ምን ልንባባል?»

«መጀመሪያ ዋጠው» አለች እትዬ ጠብታ። «ከዚያ ታወራለህ።»